ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ፕሪንተር ፕሮፋይል ለማድረግ የቱ እቃ ይሻላል?

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ የስቱዲዮ ልጆች፣ ጥቁርና ነጭ ስታትሙ ፎቶው ወይ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል ወይ ወደ ሀምራዊ ይሄዳል አይደል፣ ከዛ ሰው ሁሉ ካሊብሬተር (ቀለም መለኪያ) ግዛና ፕሮፋይል (የፕሪንተሩን ቀለም የሚያስተካክል ፋይል) ስራ ይላችኋል። ስክሪን ላይ የሚንጠለጠለው ካሊብሬተር ግን ወረቀት አያነብም፣ ለወረቀት የራሱ መብራት ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር (ስፔክትሮ፣ ከወረቀቱ የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ እቃ) ነው የሚያስፈልገው።

እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፕሪንተራችሁን እዩት። ኢፕሰን ፒ700ና ፒ900 የራሳቸው ግራጫ ቀለም አላቸው፣ ድራይቨሩ ላይም አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚል ሞድ አለ፣ በሱ ስታትሙ ግራጫው ብዙም አይዛነፍም፣ የሚቀራችሁ ቶኑን (ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን የድምቀት ደረጃ) ማስተካከል ነው። የኢፕሰን ኤል805 ግን ያለው ጥቁር አንድ ብቻ ነው፣ ግራጫውን በአብዛኛው ከባለቀለሞቹ ቀላቅሎ ስለሚሰራው ትንሽ ሲዛነፍ አይን ወዲያው ያየዋል።

ቶን ብቻ ከሆነ ችግራችሁ ስካነር ይበቃል። ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ ያለው ግራጫ መስመር አትሙ፣ በደንብ ይድረቅ (እኔ አሳድረዋለሁ)፣ የስካነሩን አውቶ ማስተካከያ በሙሉ አጥፉና የየደረጃው ጥቁረት ከሚታወቅ ግራጫ ስኬል ጋር አብራችሁ ስካን አድርጉና አወዳድሩ። የጨለማዎቹን ንባብ ግን ብዙ አትመኑት፣ የስካነሩ መብራት እየተበተነ ጥቁሩን ያነጣዋል፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥላ ለሚያትም ሰው ደግሞ ዋናው ቦታ እሱ ነው።

ግራጫው ወደ ቀለም ካዘነበለ ስፔክትሮ ግድ ነው። አይዋን ፕሮ መስመሩን በአንድ ጊዜ እየሳበ ያነባል ግን ውድ ነው፣ ከለርመንኪ ፎቶ (ከለርመንኪ ዲስፕሌይ የሚለው ወረቀት አያነብም) ወይም አይዋን ስቱዲዮ ለኛ ስራ ከበቂ በላይ ነው፣ ያገለገለ ካገኛችሁ ግዙት። ሶፍትዌሩ አርጂል ነው፣ በነጻ፣ ታርጌቱን (አትማችሁ የምትለኩትን የቀለም ካሬዎች ገጽ) ስታዘጋጁ ግራጫ ካሬዎች ጨምሩበት፣ ያለዛ ፕሮፋይሉ ግራጫውን በግምት ነው የሚሞላው። ኢፕሰን ካላችሁ ኳድቶን ሪፕ የሚባል የማተሚያ ሶፍትዌርም አለ፣ 50 ዶላር ነው፣ ቶኑን ቀለም በቀለም ትቆጣጠሩበታላችሁ፣ ግን መጀመሪያ ሞዴላችሁን የሚደግፍ መሆኑን አጣሩ። ታርጌቱን ስታትሙ ከለር ማኔጅመንት (ቀለሙን በራሱ የሚቀይረው ማስተካከያ) ይጥፋ፣ ስታነቡ ከስሩ የዛኑ ወረቀት ሁለት ሶስት ቅጠል አድርጉ።

ሲያልቅ ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ አትሙና የነጠላው እጥፋትም የፊታቸው ጥላም እኩል ይታይ እንደሆነ እዩ፣ በስቱዲዮው መብራትም በመስኮት ብርሃንም። አንዱ ላይ ግራጫ ሌላው ላይ አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ የፕሪንተሩ ቀለም ባህሪ ነው፣ ፕሮፋይል ብቻውን አያስተካክለውም፣ ጥቁር ቀለም በብዛት የሚጠቀም ሞድ ሞክሩ። እና ደግሞ ከመርካቶ ሌላ ብራንድ ቀለም ካስመጣችሁ የድሮው ፕሮፋይል አይሰራም፣ እንደ አዲስ መለካት ነው፣ ስለዚህ ሶስት አራት ስቱዲዮ ተዋጥታችሁ አንድ ስፔክትሮ ብትገዙና እየተዋዋሳችሁ ብትሰሩበት በጣም ያዋጣችኋል።