ሆጋንስ አሊ፦ ወሮበላው አልመታ ሲል

የኒንቴንዶው የቪዲዮ ጌም ሆጋንስ አሊ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው በቤት ኮንሶል (ቲቪ ላይ በሚሰካ መጫወቻ) የወጣው፤ በጌም ቤት ማሽንም ነበረ። የካርቶን ምስሎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ ቲቪው በሚነጣጠር የመጫወቻ ሽጉጥ ወሮበላውን መምታት፣ ንጹሑን መተው ነው። ጌሙን ስለምወደው ሽጉጡ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ደህና ነውና።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ሽጉጡ አይተኩስም፣ ያያል። አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የሚለይ ዳሳሽ አለ። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ወዲያው በኢላማው ቦታ ነጭ ሳጥን ብልጭ ይላል። ዳሳሹ ከጥቁሩ ቀጥሎ ነጩን ካየ መታችሁ ማለት ነው።

ቃታው ቀጭ ይላል፣ አንድም አይመታም

ቲቪው ፍላት ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ፍላት ቲቪ ምስሉን ትንሽ ያዘገያል። ጌሙ ነጩን በሚጠብቅበት ቅጽበት ነጩ ገና አልወጣም። በዚያ ላይ ሽጉጡ የሚቀበለው የድሮ ቲቪ መስመር በመስመር ሲስል የሚያወጣውን፣ በሰከንድ 15,700 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ብርሃን ነው። እንዲህ የተሠራው አምፖል ላይ አነጣጥሮ ማጭበርበር እንዳይቻል ነው። ስለዚህ ሴቲንግ መነካካት ልፋት ብቻ ነው። መፍትሄው ሆዳሙ የድሮ ቲቪ ነው። ካገኛችሁ ግን ጀርባውን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም የምስል ቱቦው አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

በድሮው ቲቪም አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይስታል

ጥቁሩና ነጩ በደንብ አልተለያዩም። ኮንትራስቱን ከፍ አድርጉ፤ ጥቁሩ ግን ግራጫ እስኪሆን ብራይትነስ አትጨምሩ። መጋረጃ ዝጉ፤ መስታወቱ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ያሳስተዋል። የአፈሙዙን ሌንስም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የዓመታት አቧራ አለበት።

ቃታው ጭራሽ አይሰማም

በአሜሪካው ኮንሶል ሽጉጡ የሚሰካው 2ኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ብዙ ሰው 1ኛው ላይ ይሰካና ይናደዳል።

የኮንሶሉ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል

የጌሙ ካሴት የብረት እግሮች ቆሽሸዋል። በጥጥና በአልኮል ጥረጉና ሲደርቅ መልሱ። እፍ አትበሉበት፤ የትንፋሽ እርጥበት እግሮቹን ያዝጋቸዋል።

ኮንሶሉን ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ የ120 ቮልት ነው። በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ምስሉ ያለ ቀለም ከመጣ ቲቪው የአሜሪካውን ሲስተም አያነብም፤ ሁለቱንም የሚያነብ ፈልጉ።

መታሁ፣ ግን እንደ ስህተት ተቆጠረብኝ

ሴትዮዋን፣ ፕሮፌሰሩን ወይም ፖሊሱን መትታችኋል። እነሱ ንጹሓን ናቸው። ምስሉ ፊቱን ሙሉ በሙሉ እስኪያዞር ታገሱ፣ ከዚያ ሳቡ።