ተጎታች ቤታችን ላይ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር እንዴት እንዳስገባሁ

በአሜሪካ ብዙ የካምፕ ሥፍራዎች ከመብራቱና ከውኃው ጎን የኬብል ቴሌቪዥን መሰኪያም ያቀርባሉ። የእኛ ትንሽ ተጎታች ቤት ግን የጣሪያ አንቴና እንጂ የኬብል መግቢያ አልነበረውም፤ ገመዱን በመስኮት አሾልኮ ማስገባት ደግሞ ዝናብና ትንኝ መጋበዝ ነው።

ክዳን ያለው የውጭ መሰኪያ ገዝቼ ከመብራቱ መግቢያ አጠገብ፣ ከውስጥ በቁም ሣጥኑ በኩል ገጠምኩት። ከመብሳቴ በፊት የመብራቱን ገመድ ነቅዬ፣ ባትሪውንም አላቅቄ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሽቦም ሆነ የጋዝ ቧንቧ አለመኖሩን አረጋገጥኩ። የቀዳዳውን ዙሪያ ቡቲል በተባለ፣ ውኃ በማያስገባ ተለጣፊ ማሸጊያ ደፈንኩ። እዚህ ላይ መሰሰት አይገባም፤ ውኃ አንድ ጊዜ ከገባ የግድግዳውን እንጨት ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ከዚያም አር ጂ 6 የተባለውን ባለ 75 ኦም ኮአክሲያል (የቴሌቪዥን ምልክት የሚያስተላልፍ) ገመድ፣ ሹል ማጠፊያ ሳይኖረው በሰፊው እያዞርኩ፣ ከአንቴናው ማጉያ (የአንቴናውን ምልክት ከሚያጠናክረው መሣሪያ) ጀርባ እስካለው የኬብል መግቢያ ዘረጋሁ።

ምስሉ ግን አልመጣም። ምክንያቱ ራሱ ማጉያው ነበር። የእኛ ባለ 12 ቮልት ማጉያ ሲበራ የአንቴናውን መስመር ይመርጣል፤ ሲጠፋ የኬብሉን ያሳልፋል። ትንሿ ጠቋሚ መብራት እስክትጠፋ ቁልፉን ተጫንኩ፤ በቴሌቪዥኑ ምርጫ ውስጥም «አንቴና» የሚለውን ወደ «ኬብል» ቀይሬ ጣቢያዎቹን እንደገና እንዲፈልግ አዘዝኩት። ወዲያው ተደረደሩ። ሥርጭቱ በተመሰጠረበት ካምፕ ግን ዲኮደር ከቢሮው መጠየቅ ግድ ነው።