ሰይድ መሐመድ ስንት ሰው ነው? በዳታቤዝ ውስጥ የተደጋገሙ ስሞችን እንዴት እናጣራለን

ደሴ ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ቢሮ ዳታቤዝ እንድይዝ በተቀጠርኩ በሳምንቱ ነው። አንድ አባት መስኮቱ ላይ ቆመው ከመዝጋቢዋ ጋር ይከራከራሉ።

«አባባ፣ ስምዎ እኮ የለም።»

«እንዴት የለም ትይኛለሽ ልጄ? ባለፈው ወር ከፍዬ ነው የሄድኩት!»

ስማቸው ነበረ። እሷ የፈለገችው «መሀመድ» ብላ በሃሌታው ሀ ነው። የተመዘገበው ደግሞ «መሐመድ» ተብሎ በሐመሩ ሐ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ሰው። ስታጣቸው እንደ አዲስ ልትመዘግባቸው ነበር። በኋላ ስንፈትሽ ከዚያ በፊትም ሁለት ቦታ ተመዝግበዋል፤ ብድራቸው በአንዱ፣ ቁጠባቸው በሌላው።

ወሎ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ዓሊ የሌለበት ሰፈር የለም፤ እያንዳንዱ ስም ደግሞ ሁለት ሦስት አጻጻፍ አለው። እኔ የሄድኩበትን መንገድ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ባክአፕ፣ ማለትም የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ። ወስዳችሁ ዝም አትበሉ፤ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጉና (መልሳችሁ ጫኑና) ጥቂት ሪከርድ (የተመዘገበ መስመር) ቁጠሩ። ለወራት ባዶ ፋይል ሲያጠራቅም የኖረ ስክሪፕት አይቻለሁ። ስክሪፕቱን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ ሰዓት ስትሞሉም ተጠንቀቁ። «ሌሊት 8 ሰዓት» ለማለት 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ ቢሮ ሊከፈት ሲል። መጻፍ ያለባችሁ 2 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በግሪንዊች ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የ3 ሰዓቱን ልዩነት አስቡ። አንዱን ኮፒ ከከተማ ውጭ አስቀምጡ፤ ደሴ ያለው ሰው «ኮምቦልቻ አለኝ» ብሎ አይተኛ። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች የተያዙት በቀናት ልዩነት ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ በትክክል መቀመጡን እዩ። በዩቲኤፍ 8፣ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰይድ መሐመድ እንድሪስ» ከነክፍተቱ 38 ባይት ነው። ኦራክል በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ የስም ኮለም (ዓምድ) 30 ተብሎ ከተሠራ፣ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር 30 ባይት ማለት ነው፤ የአያት ስም ሳያልቅ ይሞላል። አሮጌ ቴብል ውስጥ በስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ መረጃው ጠፍቷል፣ ከወረቀቱ ፎርም እንደገና መጻፍ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካያችሁ ግን ተስፋ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢንኮዲንጉን (የፊደል ኮዱን) በማስተካከል ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ሰውየው የሰጠውን ስም አትንኩ። መታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው፣ ውሉ ላይ ያለውም እሱ ነው። ከጎኑ «የመፈለጊያ ስም» የሚል ሌላ ኮለም ጨምሩ። እዚያ ላይ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሰባት ሰባቱ ቀይሩ። ያ 35 ፊደል ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ስትጨምሩ 37 ይሆናል። ሓ፣ ኃ እና ዓም እንደዚሁ መጨረሻቸው ሀ እና አ ይሁን፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ኸን ተዉት፤ ኸድርንና ከድርን ሰው ይለያቸው።

ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ትራንስሌት የሚባለው ፈንክሽን ይሄን በአንድ መስመር ይሠራል። አንድ አደጋ አለው። ሁለቱ ዝርዝሮች፣ የሚቀየሩትና የሚተኳቸው ፊደላት፣ እኩል ካልሆኑ፣ አንድ ፊደል ከሁለተኛው ከረሳችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ተጓዳኝ ያጣው ፊደል ደግሞ ጭራሽ ይሰረዛል። እኔ አንድ ቀን ግማሽ ከተማውን ስም አልባ አድርጌዋለሁ። ደግነቱ የጎን ኮለም ላይ ነበር። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ትራንስሌት የለውም፤ ሪፕሌስን እየደራረባችሁ ትሠራላችሁ።

እዚያው ኮለም ላይ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ወ/ሮ የሚሉትን ማዕረጎች አውጡ፤ «ኃ/ማርያም»ን ዘርዝሩ፤ ክፍተቱን በሙሉ አጥፉ፣ «ገብረ መድኅን» እና «ገብረመድኅን» እንዲገናኙ። ከዚያ ፍለጋው እንዲፈጥን ኢንዴክስ ሥሩለት።

መሐመድና ሙሐመድ፣ እንድሪስና ኢድሪስስ? እዚህ ላይ ማሽኑን አቁሙት። ሰይድና ሰኢድ ተቀራራቢ ይመስላሉ፣ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። እነዚህን «ይታዩ» በሚል ዝርዝር አውጡና ሰው ይያቸው።

የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስልክ ጨምሩ፤ 09ም ሆነ 07፣ በ251 የጀመረም ቢሆን፣ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ወስዳችሁ አወዳድሩ። ነገር ግን ገጠር ላይ አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ አባትና ልጅ እንዳታዋህዱ። የትውልድ ዘመንማ አያስተማምንም። «በ77ቱ ድርቅ ሕፃን ነበርኩ» ያለውን ሰው አንዱ መዝጋቢ 1975 ይለዋል፣ ሌላው 1976። የፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀላቀልበት 7 ወይም 8 ዓመት ይዘላል። ጳጉሜ 3 የተወለደውን ደግሞ የዴት ኮለም አይቀበለውም፤ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። ከሁሉ የጠቀመኝ የእናት ስም ነው።

ስታዋህዱ ትራንዛክሽን ክፈቱ፣ ለውጡ እስኪጸድቅ ድረስ መመለስ እንዲቻል። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት በዚያው ዌር (የመምረጫ ሁኔታ) ሰሌክት አድርጉና ስንት ሪከርድ እንደሚነካ እዩ። ብድሩንም ቁጠባውንም ወደሚቀረው ሪከርድ አዙሩ። ቁጥሩ ከጠበቃችሁት ጋር ከገጠመ ኮሚት (አጽድቁት)፣ ካልገጠመ ሮልባክ (መልሱት)። ተደጋጋሚውን ዲሊት አታድርጉት፤ «ወደ እገሌ ቁጥር ተዋህዷል» የሚል ምልክት ይኑረው። ከወር በኋላ አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ።

የቀረው በሩን መዝጋት ነው። ፎርሙ ላይ «አዲስ ደንበኛ» የሚለው ቁልፍ በመፈለጊያ ስም ፍለጋ ሳይደረግ እንዳይሠራ አደረግነው። መዝጋቢዋ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ወረፋ ያረዝማል ብላ። አሁን ስም ከጻፈች በኋላ ቀና ብላ «የእናትዎስ ስም?» ትላለች።