የኖርዌይ የመርከብ ጉዞ፦ ወደብ ላይ ሰዓት አያያዝ፣ ባሕር ላይ ቀን አዋዋል

መርከቡ ወደብ ከመድረሱ በፊት ባለው ምሽት የነገው ፕሮግራም በወረቀት ወይም በመርከቡ የስልክ መተግበሪያ ይደርስዎታል። ከሁሉ አስቀድመው ተሳፋሪ ሁሉ ተመልሶ እንዲገባ የታዘዘበትን ሰዓት ፈልገው ያስምሩበት። ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከሚነሳበት 30 ደቂቃ ይቀድማል። ቀኑ የሚታቀደው ከዚህ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 16፡30 መግባት ካለብዎ 15፡30 ላይ ወደቡ አጠገብ ይገኙ። አንድ ሰዓት ትርፍ የበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊዮርድ (በተራሮች መሐል ወደ ውስጥ የዘለቀ ጠባብ የባሕር ክንድ) ዳር ያሉ መንደሮች መውጫ መግቢያቸው አንድ ወይም ሁለት ጠባብ መንገድ ስለሆነ፣ ጠመዝማዛው ላይ አንድ አውቶቡስ ከተቸገረ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።

መርከቡ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል ወይም መላ ይፈልግለታል። በራሱ የወጣውን ግን ጥሎት ይሄዳል፤ እስከ ቀጣዩ ወደብ ያለው ወጪም የራሱ ነው። በኖርዌይ ደግሞ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ወደብ ፊዮርዶቹን እየዞሩ ሲሄዱበት ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሲወርዱ የመርከቡን ካርድ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ካርድ፣ የዕለት መድኃኒትዎንና ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን የወደብ ወኪል ስልክ ቁጥር ይያዙ።

ሰዓቱ ራሱም ያሳስታል። ኖርዌይ ከብሪታንያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከዚያ የሚነሱ መርከቦች አንዳንዶቹ ሰዓታቸውን ከወደቡ ጋር ያስተካክላሉ፤ አንዳንዶቹ አይነኩትም። የበረራ ሞድ ላይ ያለ ስልክ ኔትወርክ ስለማያገኝ አይቀየርም፤ መርከቡ ሰዓቱን ወደ ፊት ሲያደርግ ስልኩ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰው መርከቡን የሚያጣውም እንዲህ ነው። በመርከቡ ሰዓት የተሞላ ተራ የእጅ ሰዓት ማሰር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጌይራንገር በተባለው የፊዮርድ መንደር ትልልቅ መርከቦች ብዙ ጊዜ ፊዮርዱ መሐል መልሕቅ ጥለው ሰውን በትናንሽ ጀልባዎች ያመላልሳሉ። መርከቡ የሚያስጎበኛቸው ቡድኖች ቀድመው ይወርዳሉ፤ ሌላው ቁጥር ያለው ቲኬት ይዞ ይጠብቃል። ካልቸኮሉ የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል ያሳልፉት፤ ሰልፉ ይሳሳል። ወደ ጀልባው ሲሻገሩ ቦርሳው ጀርባዎ ላይ፣ ሁለት እጅዎ ባዶ ይሁን። ሠራተኛው ክንድዎን ሲይዝ እርስዎም መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ይያዙት፤ መዳፍ እርጥብ ከሆነ ያመልጣል። ጀልባዋ ከፍና ዝቅ ትላለች፤ ከፍ ብላ ከመቆሚያዎ ጋር እኩል ስትሆን አንድ እርምጃ ይራመዱ፣ አይዝለሉ። ነፋስና ማዕበል ከበረታ ካፒቴኑ ወደቡን ሊሰርዘው እንደሚችልም አስቀድመው ይወቁ።

እዚህ ወደብ የሚገቡት በማለዳ ከሆነ ተነሥተው ውጭ ይቁሙ። 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ፊዮርድ ለማየት ከመንደሩ ይበልጣል። ሲገቡ «ሰባቱ እኅትማማቾች» የተባለው ፏፏቴ በግራ ይታያል፤ ስለዚህ ቦታዎን በግራ በኩል ቀድመው ይያዙ። የተራራው በረዶ በሚቀልጥበት በግንቦትና በሰኔ ውሃው ሙሉ ነው፤ ቆየት ካለ ይቀጥንና ከሰባቱ ጥቂቶቹ ብቻ ይቀራሉ።

በአንድ ወደብ አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። በርገን ላይ ወደ ፍሎየን ተራራ የሚወጣው ባቡር 320 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሳል፤ ጠዋት እንደወረዱ ይሂዱ፣ ሲመለሱ በእግር እየወረዱ ብሪገን የተባሉትን ጥንታዊ የእንጨት ቤቶች ማየት ይቻላል። ዝናብ የማይለየው ከተማ ስለሆነ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይልበሱ፤ ጃንጥላን ነፋሱ ይገለብጠዋል። ፍሎም ላይ የሚፈልጉት የተራራ ባቡሩን ከሆነ ቲኬቱን ከቤት ሳይወጡ ይግዙ፤ በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቶሎ ያልቃል። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠርዝ 866 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ደርሶ መልሱን ከመርከቡ ሰዓት ጋር አስልተው ይያዙ። በ1904 ተቃጥሎ እንደ አዲስ የተሠራው ኦሌሱንድ ከላይ ሲታይ ነው የሚያምረው፤ አክስላ ኮረብታ ላይ የሚያደርሱት 418 ደረጃዎች ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳሉ።

ሆኒንግስቮግ በተባለው ወደብ የሚወረደው በሩቅ ሰሜን ያለውን ኖርድካፕ የተባለ ገደል ለማየት ነው። አውቶቡሱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ገደሉ 307 ሜትር ይደርሳል፤ ጭጋግ ከወረደ ግን ባሕሩ ጨርሶ አይታይም፣ ይህም እምብዛም የሚገርም አይደለም። አጠገቡ ያለው ክኒቭሼሎደን የተባለ፣ ወደ ባሕር የገባ ዝቅተኛ የመሬት ጫፍ ከኖርድካፕ ትንሽ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ በእግር ደርሶ መልሱ 18 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለመርከብ ተሳፋሪ አይሆንም።

የኖርዌይን ገንዘብ ክሮነርን በጥሬው መመንዘር አያስፈልግም፤ ካርድ በየቦታው ይሠራል። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ልብስ ከታች ሱፍ፣ ከመሐል ፍሊስ (ለስላሳ ሞቃት ሹራብ)፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ይሁን፤ ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም ይወስዳል። ቪዛ የሚያስፈልግዎ ከሆነና መርከቡ ስቫልባርድ ወደተባሉት የኖርዌይ ሰሜናዊ ደሴቶች የሚደርስ ከሆነ፣ ደሴቶቹ ከሼንገን (ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል) ውጭ ስለሆኑ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቁ።

ባሕር ላይ ለሚዋልበት ቀን መዘጋጀት የሚጀምረው ክፍል ሲመረጥ ነው። ማዕበል የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኛዎቹ ፎቆች ክፍል ይያዙ፤ እዚያ መወዛወዙ ያነሰ ነው። የማቅለሽለሽ ክኒን ከማዕበሉ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ከጀመረ በኋላ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ሆድዎ ባዶ አይሁን፤ ደረቅ ብስኩትና ዝንጅብል ይረዳሉ። ማንበብ ትተው የአድማሱን መስመር ይመልከቱ። ከምግብ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ የአልኮል ጄል በደንብ አያጠፋውም።

መርከቡ በ18 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ሲጓዝ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ባይኖርም ፊት ለፊት ያለው ደክ (ክፍት ወለል) ይበርዳል። ከኋላ በኩል ወይም ከግድግዳ ተከልለው ወንበር ይፈልጉ፤ ብርድ ልብስና 8x42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ) የርቀት መነጽር ይዘው ከተቀመጡ ሰዓታት ይቆያሉ። በሰሜን ኖርዌይ ከሚገኙት የቬስተሮለን ደሴቶች ውጭ ስፐርም የተባለው ዓሣ ነባሪ በበጋ ይገኛል። የሚተነፍሰው እንፋሎት ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሚለዩትም በዚያ ነው። ጅራቱን ወደ ሰማይ ካነሣ ወደ ጥልቁ ጠልቋል ማለት ነው፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ መርከቡ ርቆ ይሄዳል፣ ሌላ ይፈልጉ።

ስልክዎን የበረራ ሞድ ላይ ያድርጉት፤ የመርከብ የሞባይል ኔትወርክ ሂሳቡ እጅግ ይወደዳል። እንቅልፍም ሥራ ይጠይቃል። ኖርድካፕ ላይ ከሜይ 14 እስከ ጁላይ 29 ፀሐይ አትጠልቅም። መጋረጃው መሐል ላይ ስንጥቅ ካለው ከቤት በያዙት የልብስ መቆንጠጫ ይግጠሙት፤ የዓይን መሸፈኛ ይዘው ይምጡ፣ የመኝታ ሰዓትዎንም ከሰማዩ ብርሃን ሳይሆን ከእጅ ሰዓትዎ ይውሰዱ።