ቀጣዩ ዲስክ የትኛው ፊልም ይሆን? የሰብሳቢ ግምት እንዴት እንደሚሠራ

የትኛው የአርት ፊልም በዲስክ እንደሚወጣ ቀድሞ መገመት ለሰብሳቢ ትልቅ ጨዋታ ነው። የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰብሳቢ ግን የኪስ ጉዳይም ነው። የአርት ፊልም በዲስክ የሚያወጣው የኒውዮርኩ አሳታሚ የክራይቴሪዮን ብሉ ሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ የጠራው ዲስክ፣ መደበኛ ዋጋው 39.95 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚመጣ ማስላት ራስ ያስይዛል። ዲስኩ የሚመጣውም በሰው ሻንጣ ነው። ዛሬ የድሮውን እትም አስመጥታችሁ ከሦስት ወር በኋላ ፊልሙ ታድሶ ከብሉ ሬይም በጠራው በ4ኬ ቢወጣ፣ ያንኑ ዘመድ ድጋሚ ማስቸገር ይከብዳል።

«ኢንተርኔት ላይ አታዩትም?» የሚል አይጠፋም። የክራይቴሪዮን ቻናል የሚሠራው አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውም ቢሆን ማታ ማታ የኮንዶ ኔትወርክ እንዴት እንደሚሆን ነዋሪው ያውቀዋል። ዲስክ መብራት እስካለ ድረስ አይቆራረጥም። ስለ መብራቱ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

መጀመሪያ ማጫወቻችሁን እወቁ

ግምት ከመጀመራችሁ በፊት ቤታችሁ ያለው ማጫወቻ ከየት እንደመጣ አጣሩ። ብሉ ሬይ ዓለምን በሦስት ሪጅን ይከፍላል፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። አሜሪካ ኤ ናት። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ ፕሌይስቴሽን የእንግሊዝን ብሉ ሬይ ያጫውታል፤ ለኤ የተቆለፈውን የአሜሪካ ብሉ ሬይ ግን አይቀበልም። ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። 4ኬ ዲስክ በተግባር የሪጅን ቁልፍ የለውም። ሆኖም ፕሌይስቴሽን 4 የ4ኬ ዲስክ አያነብም። የዲስክ ማስገቢያ ያለው 5 ያስፈልጋል።

ይህን ያስቀደምኩት የማንን ፍንጭ እንደምትከታተሉ ስለሚወስን ነው። ማጫወቻችሁ ቢ ከሆነ ከኒውዮርክ ወሬ ይልቅ የለንደኑ ይጠቅማችኋል። ብዙ የአበሻ ሰብሳቢ ግን የአሜሪካውን ብቻ ይዞ ይከራከራል።

ምኞትን ከፍንጭ ለዩ

አንድ ደብተር ያዙ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል ቢወጣ ደስ የሚላችሁን ጻፉ። በቀኝ በኩል ይወጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ያለውን ብቻ ጻፉ። ቅዳሜ ከሰዓት አባዶ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ያንኑ ፊልም ያነሳል። «ዘንድሮ አይቀርም!» ይላል። «ምን አይተህ ነው?» ስንለው «እንዴ! ይሄን የመሰለ ፊልም እንዴት ይቀራል?» ነው መልሱ። የእሱ ፊልም ግራ ገጽ ላይ ከሰፈረ ቆየ። የፊልሙ ጥሩነት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚባለው ወረቀት ነው፦ መብቱ የማን ነው? ማን አደሰው? ማን አስመዘገበው?

መብቱን ተከተሉ

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እንውሰድ። ሐረርና ጫትን ይዞ የሚሄደው የጄሲካ በሺር ጥቁርና ነጭ ፊልም «ፋያ ዳዪ» እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታየ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶችን መብት የያዘው ጃነስ ፊልምስ ነበር። ጃነስ ከ1956 ጀምሮ የውጭ አገር ፊልም የሚያከፋፍል ድርጅት ሲሆን ከክራይቴሪዮን ጋር እህትማማች ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የጃነስን ስም ፖስተሩ ላይ ሲያይ ዲስኩ የማን እንደሚሆን አልጠፋውም። በቀጣዩ ዓመት ክራይቴሪዮን በብሉ ሬይ አወጣው።

መብት ይገባል፣ ይወጣልም። ክራይቴሪዮን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ራን» በብሉ ሬይ እንደሚያወጣ አስታውቆ ነበር። መብቱ ወደ ፈረንሳዩ ድርጅት ስቱዲዮካናል ስለተመለሰ ሳይወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2010ም ሌሎች ብዙ የስቱዲዮካናል ፊልሞች ከካታሎጉ ወጡ። ስለዚህ የምትፈልጉት ፊልም «ከገበያ ሊወጣ ነው» ከተባለ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ መብቱ ወደ ሌላ አሳታሚ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የአዲስ እትም ፍንጭ ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌው እትም ዋጋው ሳይሰቀል መግዛት ይሻል ይሆናል። የኔትፍሊክስ ፊልሞችም በዲስክ አይወጡም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። «ሮማ» እና «ዘ አይሪሽማን» በ2020 በክራይቴሪዮን ወጥተዋል።

የእድሳቱን መንገድ ተከተሉ

የቆየ ፊልም ሲታደስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፌስቲቫል ላይ ይታያል፣ ከዚያ ሲኒማ ቤቶችን ይዞራል፣ ዲስኩ በስተመጨረሻ ይመጣል። በግንቦት የካን ክላሲክስን ዝርዝር አንብቡ፤ ይህ የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ከ2004 ጀምሮ የቆዩ ፊልሞችን የሚያሳይበት ክፍል ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ደግሞ በጣሊያኗ ቦሎኛ የሚካሄደውን የቆዩ ፊልሞች ፌስቲቫል፣ ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶን፣ እዩ። ከፊልሙ ስም በታች በትንሽ ፊደል የሚጻፈውን አትዝለሉት። ማን እንዳሳደሰው፣ በየትኛው ላብራቶሪ፣ በማን ገንዘብ እንደተሠራ የሚነገረው እዚያ ነው።

ግን መታደስ ማለት በዲስክ መውጣት ማለት አይደለም። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያዙ። የ1976ቱ ፊልም በማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት በኩል ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ይኸው ፕሮጀክት ከክራይቴሪዮን ጋር የፊልም ሣጥኖች ያወጣል፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ፊልም የያዙት የመጀመሪያዎቹ አራት በ2013፣ በ2017፣ በ2020 እና በ2022 ወጡ። የሴኔጋል፣ የሞሪታኒያ፣ የአንጎላና የካሜሩን ፊልሞች ሲገቡ የኃይሌ ፊልም በአራቱም ውስጥ የለም። በእኔ ሚዛን ቀኝ ገጽ ላይ ይገባል፣ ቀን ግን አይጻፍበትም።

የእንግሊዙን መዝገብ ፈትሹ

ከሁሉም የምወደው ፍንጭ ይሄ ነው። በ1984ቱ የብሪታንያ የቪዲዮ ሕግ መሠረት እዚያ የሚሸጥ የፊልም ዲስክ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ አስቀድሞ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ደረጃ ማግኘት አለበት። ደረጃውን የሚሰጠው ቢቢኤፍሲ ነው። መዝገቡን ማንም በነፃ ማየት ይችላል። የፊልሙን ስም አስገቡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ያስገባው ድርጅት፣ ቀኑ፣ ለሲኒማ ነው ወይስ ለቤት የሚለው።

የሃምሳ ዓመት ፊልም በዚህ ወር አዲስ ቀን ካገኘ አንድ ሰው ገንዘብ አውጥቶበታል ማለት ነው። ገንዘብ አውጥቶ ደግሞ ዝም የሚል ነጋዴ የለም። ለሲኒማ ብቻ የተመዘገበ ከሆነ ተረጋጉ፤ ዲስኩ ገና ነው። በዳይሬክተሩ ስም አዲስ ቃለ መጠይቅ ወይም አጭር ፊልም ለብቻው ተመዝግቦ ካገኛችሁ ግን እሱ የዲስኩ ተጨማሪ ይዘት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አሳታሚው ገና ሳይናገር እናንተ አወቃችሁ። የእንግሊዝ ዲስክ ደግሞ በብዛት ቢ ስለሆነ ለእኛ ማጫወቻ ይመቻል።

ሥዕልና ማስታወቂያ

ክራይቴሪዮን በፈረንጆች አዲስ ዓመት እንቆቅልሽ የሆነ ሥዕል ይለቃል። የዓመቱ ፊልሞች በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ተደብቀውበታል። ያዝናናል፣ ግን ብቻውን አትመኑት። ማስታወቂያው የሚመጣው በየወሩ አጋማሽ ላይ ሲሆን ከሦስት ወር በኋላ የሚወጡትን ይናገራል። የፈረንጆቹ አጋማሽ በእኛ የወሩ አራትና ዘጠኝ መካከል ይውላል፤ የጥር 15 ማስታወቂያቸው በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥር 7 ነው።

ከዚያ ሚዛን ስጡ። መብት ካለ አንድ ነጥብ፣ አዲስ እድሳት ካለ አንድ፣ ለቤት የተመዘገበ ከሆነ ሁለት። ሦስት ያልሞላ ፊልም ላይ አትወራረዱ። እኛ የምንወራረደው በማኪያቶ ነው።

ከሻንጣው ጋር አስማሙት

ግምታችሁ ሦስት ነጥብ ከሞላ የድሮውን እትም ተዉት፣ አዲሱን ጠብቁ። የአሜሪካው የመጻሕፍት መደብር ባርንስ ኤንድ ኖብል በዓመት ሁለቴ፣ በፈረንጆቹ ሐምሌና ኅዳር ላይ፣ የክራይቴሪዮንን ዲስኮች በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። የኅዳሩ ቅናሽ ለገና ከሚመጡ እንግዶች ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ማን እንደሚመጣ ጠይቁ።

ለዘመዳችሁ የፊልሙን ስም ብቻ አትላኩ። የሽፋኑን ፎቶ፣ ብሉ ሬይ ወይስ 4ኬ የሚለውን፣ ጀርባው ላይ ያለውን የባርኮድ ቁጥር ጨምሩ። «እትዬ፣ ዲቪዲ እንዳይሆን» ብሎ መድገም ነውር የለውም። ዲስኩ ከጫማ አጠገብ ሳይሆን በልብስ መሃል ይግባ፤ የፕላስቲክ ማቀፊያው ጠርዝ ቶሎ ይሰበራል።