በራጅ ሆሎግራፊ እጅግ ረቂቅ ነገሮችን እንዴት ማየት ይቻላል?

ደሴ ውስጥ እጁ ተሰብሮ ራጅ የተነሣ ሰው የሚያየው የአጥንቱን ጥላ ነው። ጥላው ጨረሩ የት እንደበዛና የት እንዳነሰ ያሳያል እንጂ ሞገዱ በአካሉ ውስጥ ሲያልፍ እርምጃው ምን ያህል እንደተዛነፈ አይናገርም። ይህን የሚጠፋ መረጃ ጭምር የሚይዘው ሆሎግራፊ ሲሆን፣ ፈልሳፊው ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

አስቀድመው ቤትዎ እንዲለማመዱ አጥብቄ እመክራለሁ። በአሉሚኒየም ፎይል ላይ በቀጭን መርፌ ጫፍ፣ በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት፣ ሁለት ቀዳዳዎች ይብሱ። ማታ መብራት አጥፍተው ቀይ የሌዘር ብርሃን በሁለቱም ቀዳዳዎች አሳልፈው 3 ሜትር ወደሚርቅ ግድግዳ ይልቀቁ፤ ጨረሩን ግን በምንም ምክንያት ወደ ዓይን አያነጣጥሩ። ብርሃንና ጨለማ የሚፈራረቁባቸው፣ በ4 ሚሊሜትር ገደማ የተራራቁ መስመሮች ይታያሉ። ቀዳዳዎቹን በ1 ሚሊሜትር ቢያራርቋቸው የመስመሮቹ ልዩነት ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠባል። እንግዲህ ቀዳዳዎቹን ሳናይ፣ መስመሮቹን ብቻ ለክተን ርቀታቸውን ማወቅ እንችላለን፤ የሆሎግራም፣ ማለትም በሆሎግራፊ የሚቀዳው የመስመሮች ቅርጽ፣ ምሥጢር ይኸው ነው።

በራጅ ሲሠራ ከቀዳዳዎቹ አንዱ በናሙናው ይተካል። የሆስፒታል ራጅ ሞገዶች እርስ በርስ ስለማይናበቡ ኤሌክትሮኖችን በክብ መንገድ እያስሮጠ ራጅ የሚያመነጭ፣ ሲንክሮትሮን የተባለ ግዙፍ ማሽን ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ማሽን በአፍሪካ ምድር ገና ስላልተተከለ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ተመራማሪ ናሙናውን ይዞ ባሕር መሻገር አለበት። ናሙናው ስስ በሆነ የሲሊኮን ናይትራይድ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ የገበታው ሌላ ገጽ ጨረር በማያሳልፍ ወርቅ ይሸፈናል። ከዚያም በቀጭን የአዮን (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አተሞች) ጨረር ለናሙናው አንድ መስኮት፣ ከጎኑም አንድ የማመሳከሪያ ቀዳዳ ይከፈታል። ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ቀዳዳ ነው፤ የምስሉን ጥራት በዋናነት የሚወስነው ጥበቱ ነውና። ሲሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሲጠብ ደግሞ የሚያልፈው ጨረር ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በርሊን ላይ በዚህ መንገድ በማግኔት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክልሎች እስከ 50 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በሚደርስ ጥራት ታይተዋል።

ለዚህ ሥራ የሚውለውን ለስላሳ (ጉልበቱ ዝቅ ያለ) ራጅ አየር ስለሚውጠው ሥራው በቫክዩም፣ ማለትም አየር በተመጠጠለት ክፍል፣ ውስጥ ይከናወናል፤ ካሜራውም ከኃይለኛው ማዕከላዊ ጨረር በትንሽ መከለያ ይጠበቃል።

የተቀዳውን ሆሎግራም ወደ ምስል ለመመለስ የመስመሮቹን ቅርጽ ወደ ቦታና ርቀት የሚተረጉም አንድ የፉሪዬ ስሌት ይበቃል፤ ይህን ደሴ ላይ ተቀምጦ በተራ ላፕቶፕ መሥራት ይቻላል። ስሌቱ ከመሃል ግራና ቀኝ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ ሁለት ምስሎችን ያወጣል። ምስሎቹ መሃል ካለው ብሩህ ድብልቅ ጋር ከተደራረቡ ቀዳዳው ለናሙናው ተጠግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በመስኮቱና በቀዳዳው መሃሎች መካከል ያለው ርቀት ከመስኮቱ ስፋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ገበታው እንደገና ይዘጋጃል።