የአካውንቲንግ ተመራቂዎች ስለ ጂፒኤ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባንክ የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ ባወጣ ማግሥት ተመራቂዎች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ስለ ጂፒኤ፣ ማለትም ከ4.00 ስለሚሰላው የውጤት አማካይ ነጥብ፣ ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ «ጂፒኤ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ሰው ማወቅ ነው» ይላል። ሌላው 3.7 ይዞ ፈተና ላይ ለምን እንደወደቀ ሊገባው አልቻለም። የሁለቱም ግራ መጋባት ምንጩ አንድ ነው፦ ነጥቡ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆጠር፣ የትኛው ላይ ደግሞ ዋጋ እንደሚያጣ አልለዩም።

«ጂፒኤ አያስፈልግም» ብሎ መዘናጋት

ዜሮ ዓመት ልምድ በሚጠይቅ ማስታወቂያ ላይ ቀጣሪው ስለ አመልካቹ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። የሥራ ልምድ የለም፣ የቀድሞ አለቃም የለም። ማመልከቻው ሲበዛ የሰው ሀብት ክፍሉ እያንዳንዱን ሲቪ ተቀምጦ አያነብም፤ ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ አስገብቶ ከመነሻው በታች ያለውን ይቆርጣል። መነሻው ብዙ ጊዜ 2.75 ወይም 3.00 ነው፣ 3.25 የሚሉም አሉ፤ ለሴት አመልካቾች ዝቅ የሚያደርጉም አይጠፉም። እዚህ ላይ 2.74 ማለት 2.74 ነው። ፎርሙ ላይ 2.75 ብሎ መሙላት ደግሞ የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ ትራንስክሪፕቱ ሲመሳከር የሚሰረዘው ነጥቡ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ይህ ግን በሁሉም ቤት አይሠራም። መርካቶ ያለ አስመጪ፣ መካከለኛ ኮንትራክተር ወይም ሆቴል ጂፒኤ የሚጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። እነሱን የሚያሳስባቸው የወሩ ቫት በጊዜው ለግብር ቢሮ መታወቁና ቅጣት አለመምጣቱ ነው። በሌላው ጫፍ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ሲቀጥር ነጥብ ከሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ 2.50 ያለው ተመራቂ ዓመቱን ሙሉ የባንክ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ከሚከርም መጀመሪያ ወደ ንግድ ድርጅቶቹ ቢያመለክት ይሻለዋል።

ነጥብ ማንሳትን ለመጨረሻው ዓመት ማቆየት

ይህ የሒሳብ ተማሪ ሊሳሳተው የማይገባ የሒሳብ ስህተት ነው። ፕሮግራሙ 146 ክሬዲት አወር ነው እንበል። አንድ ተማሪ 110 ክሬዲት ጨርሶ 2.60 ይዟል፤ ይህ ማለት 286 የግሬድ ነጥብ አከማችቷል። በ2.75 ለመመረቅ በድምሩ 401.5 ያስፈልገዋል። የጎደለው 115.5 ለቀሩት 36 ክሬዲቶች ሲካፈል በአማካይ 3.21 ይመጣል፤ ቢ እና ቢ ፕላስ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ይቻላል። 3.00 ላድርሰው ካለ ግን ከቀሩት ኮርሶች በአማካይ 4.22 ማምጣት አለበት፤ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ ከ2.95 አያልፍም። ያው ተማሪ ነገሩን 35 ክሬዲት ላይ በዚያው 2.60 ሳለ አስቦበት ቢሆን ኖሮ ለ3.00 የሚያስፈልገው አማካይ 3.13 ብቻ ነበር።

ስሌቱን በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሥሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የትኛው ግብ አሁንም እጅ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንዳመለጠ ቁርጡን ይነግራችኋል። ባለ 4 ክሬዲቱ ኮርስ ላይ የመጣ ሲ ባለ 2 ክሬዲቱ ላይ ከመጣው እጥፍ እንደሚጎዳም አትርሱ።

የመውጫ ፈተናን መናቅ

ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ነጥብህ 3.8 ነው ተብሎ የሚቀርልህ ነገር የለም። ፈተናው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኮርሶችም ስለሚጨምር፣ ለሚድና ለፋይናል ብቻ ሸምድዶ ያለፈ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

ከተጠራችሁ በኋላም ነጥባችሁ የሚከራከርላችሁ መምሰል

ለፈተና የተጠራ ሁሉ መነሻውን ያለፈ ነው። ከዚያ በኋላ 3.01 ያለውና 3.80 ያለው ብዙውን ጊዜ እኩል ይጀምራሉ። የባንኮች የጽሑፍ ፈተና በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ የቁጥርና የሎጂክ ጥያቄ፣ ጥቂት ደግሞ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ፍጥነት ያልተለማመደ ሰው የሚያውቀውን ሳይሠራ ይወጣል።

የንግድ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ጠያቂው ወረቀት ገፋ አድርጎ «ይቺን ፔሮል ሥሪ» ሊል ይችላል። ደመወዝ 12,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራው ሰንጠረዥ የሥራ ግብሩ 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ 2,250 ብር ይሆናል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,910። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር፣ ከሠራተኛው አይቆረጥም፤ የድርጅቱ ወጪ ነው።

ተፈታኞች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው በድሮው ሰንጠረዥ መሥራት ሲሆን፣ ግብሩን 2,700 ያደርሰዋል፤ የታተመ ሃንዳውት ይዞ የቆየ ሰው መጨረሻው ይህ ነው። ሁለተኛው ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት ነው። ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከአቅራቢው ክፍያ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ቅድመ ግብር) ላይም ያው ነው። አቅራቢው ቫትን ጨምሮ 115,000 ብር ደረሰኝ ካመጣ 3 በመቶው የሚሰላው ከ100,000 ላይ ነው፤ 3,000 ተይዞ 112,000 ይከፈላል። የድሮውን ተመን ይዞ «2 በመቶ» ብሎ የሚመልስ ኤ ያመጣበትን የታክስ ኮርስ ቢጠራም የሚያድነው የለም።

የፒችትሪ ሰርተፊኬት ይዞ ፒችትሪን አለማወቅ

ብዙ ማስታወቂያ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ስለሚጠይቅ ሁሉም ሰርተፊኬት አለው። መለያው ላፕቶፑ ሲከፈት ነው። «አዲስ ካምፓኒ ክፈት፣ የመነሻ ሒሳቦቹን አስገባ» ሲባል ዴቢትና ክሬዲቱ ካልተመጣጠነ ሶፍትዌሩ ልዩነቱን ቢጊኒንግ ባላንስ ኢኩዊቲ በሚባል አካውንት ውስጥ ይከታል። ሶፍትዌሩ ሥራውን ስለማያስቆም ተፈታኙ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ፈታኙ ግን ባላንስ ሺቱን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን መስመር ነው። ዜሮ መሆን አለበት። ለዚህ ልምምድ ኮርስ መክፈል የግድ አይደለም፤ የአንድ ትንሽ ሱቅ የአንድ ወር ደረሰኝ በምናብ ፈጥሮ ከመነሻ ሒሳብ እስከ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (መዝገቡን ከባንክ ስቴትመንት ጋር ማስታረቅ) ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይበቃል።

ሲቪ ላይ ነጥቡን አለቦታው ማስቀመጥ

3.25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከዲግሪው ጎን ይጻፍ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግ የሚሰጡትም ከዚያ ጀምሮ ነው። ዝቅ ካለና ማስታወቂያው ካልጠየቀ ሳይጻፍ ቢቀር ነውር የለውም። በምትኩ ጥሩ ያመጣችሁባቸውን ሁለት ሦስት ኮርሶች፣ ለምሳሌ ኮስት፣ ኦዲቲንግ ወይም ታክስ፣ ከነግሬዳቸው አስቀምጡ። የአራት ዓመት ኮርስ በሙሉ መዘርዘር ግን የሚያነበው የለም። ኢንተርንሺፕንም «የሁለት ወር ልምምድ» ብሎ ማለፍ ብክነት ነው። ምን እንደሠራችሁ ጻፉ፦ የፔቲ ካሽ ቫውቸር አዘጋጅቻለሁ፣ የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት አስታርቄያለሁ። ሪፖርት ላይ ማኅተም ለማስመታት ብቻ ቢሮ የተመላለሰ ሰው እዚህ ጋ የሚጽፈው ያጣል።

ሙሉ ወረቀት እስኪሟላ መጠበቅ

ኦሪጅናሉ ዲግሪ ከኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ክፍያ) ጋር ስለሚያያዝ ይዘገያል። ይህን ቆጥሮ ማመልከት የሚያቆም አለ። ለማመልከት ቴምፖ (ጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። መዘግየት የሚጎዳው ብዙ የጀማሪ ማስታወቂያ የምረቃ ዓመት ስለሚገድብ ነው፤ «የ2016 እና 2017 ተመራቂዎች» ሲል 3.6 ይዞ በ2014 የወጣው ተመራቂ በሩ ላይ ይቀራል።

ዝቅተኛ ነጥብ ኤሲሲኤን ይዘጋል ማለት

አይዘጋም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ኤሲሲኤ የሚጠይቀው 13 ፈተና ማለፍንና የ36 ወር የሥራ ልምድን ነው፤ የእያንዳንዱ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ነው። ዲግሪው ከአንዳንዶቹ ፈተናዎች ነፃ ሊያስደርግ ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን የተማራችሁበት ተቋምና ፕሮግራም እንጂ 2.4 ወይም 3.4 መሆናችሁ አይደለም። ነፃ የተባለውን ፈተና ሁሉ መዝለል ግን ያስቸግራል፤ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግን ሳይፈተን የዘለለ ሰው ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ኩባንያዎችን ሒሳብ ማዋሃድ) እንደ አዲስ ሊማር ነው።